አዴ በቀለች የቀመሱት አንጮቴ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እሱም ጎልማሶች በሚማሩበት ክፍል፣ ኋላ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የሰው ስም ነው። ነቀምቴ ውስጥ ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሸራ ወጥሬ የጠያቂዎችን ስልክና ቦርሳ እጠብቃለሁ። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ለእኔ ሰጥተው ይገባሉ። እኔም ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በላስቲክ ከስልኩ ጋር አስረዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ጽፌ አላውቅም። እና ስህተት ብታገኙ፣ ታገኛላችሁም፣ በሆዳችሁ ያዙልኝ።

ታዲያ ምን አስጻፈሽ ካላችሁኝ፣ ወሬው ስለተበላሸ ነው። ስለ አዴ በቀለች ከተማው የሚያወራው ሌላ፣ እኔ ያየሁት ሌላ። አንዱ የገዳይ ወገኖች በመድኃኒት አዙረዋቸው ነው ይላል። ሌላው አስፈራርተዋቸው ነው ይላል። ይሄንን ስሰማ ልናገር እነሳና ሰው ሲያየኝ ድምፄ ይጠፋል። ወረቀት ግን አያየኝም። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አብሬ ነው የጠባሁት። አዴ በቀለች የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ አዴ ማለት እንደ ወይዘሮ፣ ኦቦ ደግሞ እንደ አቶ ነው። እኔ የምጽፈው በምችለው ነው።

አዴ በቀለች ጭቃ መራጊ ናቸው። ሃምሳ ምናምን ዓመት ይሆናቸዋል፤ ልኩን እሳቸውም አያውቁትም። ባላቸው የሞቱት ኩማ ገና ሲሮጥ፣ ጋሮማ ደግሞ በጀርባ ታዝሎ ነው። ከነቀምቴ ወጣ ብላ ባለችው ጉቴ አጠገብ አንድ ቁራሽ የበቆሎ መሬት ነበራቸው፤ እሱን የባላቸው ወንድም ኦቦ ባይሳ በበሬያቸው እያረሱላቸው፣ እሳቸው ነቀምቴ ገብተው የሰው ቤት መምረግ ጀመሩ። ምርጊት የወንድ ሥራ ነው ይባል ነበር። መጀመሪያ የቀጠራቸው አናጢ ሰው ፊት «የሴት ምርጊት ዝናብ እስኪመጣ ነው» ብሎ አሳቀባቸው አሉ። እሳቸውም ጭቃውን እየረገጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ክረምቱ ሲያልፍ ተመልሰህ ሳቅ» አሉት። ያ ቤት እስከ ዛሬ አለ። እኔ የተከራየሁት ቤትም የእሳቸው እጅ ነው። ጭዱን ከጭቃው ጋር አቡክተው ሦስት ቀን ካላሳደሩት አይነኩትም። ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ሌላ ሰው እጠራለሁ ቢል፣ «ጥራ» ይሉታል እንጂ አይነኩትም። እንግዲህ እንደዚያ ዓይነት ሰው ናቸው።

ኩማ አድጎ ሞተር ሳይክል ገዛ። ሰውም ዕቃም እያመላለሰ እናቱን ያግዝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ወደ ኑኑ ቁምባ አድርሰኝ ብሎ ወሰደው። መንገድ ላይ ሁለት ሌሎች ጠበቁት። ሦስቱ ሆነው ገደሉትና ሞተሩን ይዘው ሄዱ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። አንዱ ተያዘ። ያደታ ይባላል፤ የኑኑ ቁምባ ልጅ ነው፣ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደበት። አዴ በቀለች ችሎቱ ውስጥ ነበሩ። ሰው እልል ሲል እሳቸው እልል አላሉም፣ አላለቀሱምም። ዳኛው ሲጨርሱ «ሰማሁ» ብለው ወጡ።

በዚህ ላይ ትንሹ ልጃቸው ጋሮማ ደሙ ፈልቶ የያደታን የአጎት ልጅ ጉቴ ገበያ ላይ አግኝቶ በመጥረቢያ እጀታ ክንዱን ሰበረው። ያ ልጅ ምንም ያደረገው ነገር አልነበረም፤ ዘመድ መሆኑ ብቻ ነው። ጋሮማ አራት ዓመት ተፈረደበት። እንግዲህ አዴ በቀለች በአንድ ጊዜ የሟች እናትም የእስረኛ እናትም ሆኑ። እኔ ያወቅኋቸው ያኔ ነው። በየቅዳሜው ለጋሮማ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ ስልካቸውን ለእኔ ይሰጣሉ፣ «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

አሁን ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ፣ አለበለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም።

አንደኛው የጉማ ሥርዓት ነው። እዚህ አገር ሰው የገደለ ሰው ወገንና የሟች ወገን፣ ሽማግሌ ገብቶ ጉማው፣ የደም ካሳው ማለት ነው፣ ተከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ድረስ፣ አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም። የገዳይ ቤተሰብ ከሟች ቤተሰብ ዓይን ይሸሻል፤ መንገድ ላይ ቢያዩአቸው እንኳ ዞረው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው የያደታ እናት ችሎት መጥተው የማያውቁት። አዴ በቀለች መልካቸውን አያውቁም፤ እሳቸውም የአዴ በቀለችን አያውቁም። ጉማ ሳይወጣ የገዳይን ቤት እህል የበላ ሰው ደሙን እንደበላ ይቆጠራል።

ሁለተኛው የማረሚያ ቤቱ በር ሥርዓት ነው። ምግብ ያመጣ ሰው ራሱ ቀምሶ ካላሳየ ምግቡ አይገባም። ፈታሿ ክዳኑን ታስከፍታለች፣ «ቅመሱ» ትላለች፣ ትቀምሳላችሁ፣ ትውጣላችሁ፣ ከዚያ የእስረኛው ስም ይጠራል። ሁሌም እንደዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከአዴ በቀለች ፊት አንዲት የማላውቃቸው ሴት ተሰልፈው ነበር። ቀጭን ናቸው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው አውርደዋል። ከእኔ ሸራ እስከ በሩ አሥር እርምጃ ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ተራቸው ደረሰና ክዳኑን ከፈቱ። አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራሥር ነበር፣ ተቀቅሎ የተፈጨ፣ በቅቤ የተለወሰ። ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ፈታሿ ቅመሱ ስትላቸው ሴትዮዋ ጾም ላይ ነኝ አሉ። ለልጃቸው ሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይዘው፣ ያ ሦስተኛው ቀን ነበር። ፈታሿ አዘነች፣ ግን ሕግ ነው አለች፣ ወይ ይቅመሱ ወይ ይዘው ይመለሱ። ሴትዮዋ ሳህኑን ይዘው ቆሙ። ከሩቅ አገር እንደመጡ ያስታውቃሉ፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

ያኔ አዴ በቀለች ከኋላ ሆነው፣ «አምጪው፣ እኔ ልቅመስልሽ። የጾመ ሰው አይገፋም» አሉ።

ፈታሿም ማንም ይቅመሰው፣ ብቻ ይቀመስ አለች። አዴ በቀለች በጣታቸው ቆርሰው አፋቸው ከተቱ። «ጥሩ ነው፣ ቅቤው አልተሰሰተም» ብለው ሴትዮዋን ሊያስቋቸው ሞከሩ። ሴትዮዋም በነጠላቸው ውስጥ ፈገግ ብለው መረቋቸው።

ፈታሿ ወደ ውስጥ ዞራ ስም ጠራች። ያደታ ብላ ከነአባቱ ጠራችው።

ያደታ ታስሮ የነበረው ሌላ ከተማ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ነቀምቴ መዛወሩን ከሰልፉ ውስጥ ማንም አላወቀም። ፈታሿም አዲስ ናት፤ የማንን ስም ማን ፊት እንደጠራች አታውቅም። አዴ በቀለች ምግቡ ገና አፋቸው ውስጥ ነበር። ማኘክ አቆሙ። ወደ ሴትዮዋ ዞሩና «የኑኑ ቁምባው ያደታ ነው?» አሏቸው። ምግቡ ባንዱ ጉንጫቸው እንዳለ።

ሴትዮዋ በደስታ፣ «አዎ እህቴ፣ ታውቂዋለሽ?» አሉ።

«የኩማ እናት ነኝ።»

እኔ ስልክ ይዤ ነበር፣ ከእጄ ወደቀ። የያደታ እናት፣ አዴ ሶረቲ እንደሚባሉ ኋላ ነው ያወቅኩት፣ ሳህኑን መሬት አስቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ወደ ኋላ ሄዱ። ፊታቸውን አዙረው አልሄዱም፣ ወደ ኋላ ነው የሄዱት፣ ከዚያ ሮጡ። ሰው ሁሉ አዴ በቀለችን ያያል። ይተፉታል ብለን ጠበቅን። እኔ ብሆን እተፋው ነበር፣ እውነቴን ነው።

አዴ በቀለች ዋጡት። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡት።

ፈታሿ ግራ ገባት። ሳህኑን እያየች ምን ላድርገው አለች።

«አስገቡለት» አሉ አዴ በቀለች። «ቀምሼዋለሁ። መርዝ የለበትም። በይ አሁን የእኔን ፈትሺ፣ ጋሮማ እየጠበቀ ነው።»

ሲወጡ ወደ እኔ መጥተው ውሃ ስጪኝ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ተጉመጥሙጠው ይተፋሉ ብዬ ነበር፤ ጠጡት። ስልካቸውን ተቀብለው ሄዱ።

እሳቸው ሲሄዱ ክርክሩ ተነሳ። እንደዚያን ቀን ሰው ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም። አንዷ ደሙን በልተዋል፣ ከዚህ በኋላ መክሰስም ማዘንም አይችሉም አለች። አንድ ሽማግሌ ሳያውቁ የበሉት እህል አይቆጠርም አሉ። ወንድሟን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ልጅ እግር ደግሞ፣ መጀመሪያውንም መንግሥት ሰው መግደል የለበትም፣ እሱም ገዳይ ከሆነ ማን ማንን ይፈርዳል አለች። ከጎኗ የቆመው ሰውዬ «ወንድምሽ ውስጥ ስላለ ነው እንደዚህ የምትዪው» ብሎ ነካት። እሷም ዝም አላለችም፣ «የእርስዎ ልጅስ ውጭ ነው እንዴ? ምን ሊሠሩ ተሰለፉ?» አለችው፣ ሰው ሳቀ። አጠገቤ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ጋሽ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የሞት ፍርድ ይጠግን እንደሆነ ግን እናያለን» አሉ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ልናገር ነበር።

በአሥር ቀኑ ከኑኑ ቁምባ ሽማግሌዎች ወደ አዴ በቀለች ቤት መጡ። አምስት ናቸው። እንደ ደንቡ ለእርቅ ልመና እርጥብ ሣር ይዘው ከአጥሩ ውጭ ተቀመጡ። ከዚህኛው ወገን ሆነው የሚያነጋግሯቸው የጉቶ ጊዳ ወረዳው ኦቦ ሞረዳ ናቸው፤ በዕድሜም በዕውቀትም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ባይሳም ከጉቴ መጥተው ነበር። እኔን አዴ በቀለች ለእንግዶቹ ውሃ እንድቀዳ ጠርተውኝ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ውሃውን ግን ማንም አልነካውም፤ ጉማ አልወጣማ።

መጨረሻ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ረጅም ንግግር አደረጉ። የእናንተንና የእኛን ቤት እግዚአብሔር ራሱ አስታረቀ፣ ሰው ያልጠራውን ማዕድ እሱ አቀረበ፣ ከዚህ በኋላ ሰው ምን ይጨምራል አሉ። አምስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ለምን እንደቸኮሉ እናውቃለን። ያደታ የይቅርታ ማመልከቻ አስገብቷል። የሟች ቤተሰብ ታርቄአለሁ ካላለ ደግሞ ማመልከቻው ብዙ አይራመድም ይባላል።

አዴ በቀለች ከደጃፋቸው ሳይነሱ መለሱ። «የቀመስኩት ለአንዲት ጾመኛ ሴት ነው። ለእናንተ አልቀመስኩም። ጉርሻዬን ወስዳችሁ ፊርማ አታድርጉብኝ።» ቀጥለውም፣ «ልጄን መንገድ ላይ የጠበቁት ሦስት ናቸው። የታሰረው አንድ ነው። ሁለቱ የት አሉ? የማን ቤት ነው የሚበሉት? እሱን ስታመጡልኝ ስለ እርቅ እንነጋገራለን» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሣሩን ሲነጭ አየሁት። ኦቦ ሞረዳ ነገሩን በአጭሩ ዘጉት፤ ሳያውቁ የቀመሱት እርቅም አይሆንም፣ ነውርም አይሆንም፣ አዴ በቀለችን ማንም ደም በላች ብሎ እንዳይናገር አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ።

ኦቦ ባይሳ በዚህ በጣም ደስ አላቸው። የወንድማቸው ሚስት የጠነከሩ መሰላቸው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ፤ የሟች ቤተሰብ ቀርቦ ታርቋል ወይስ አልታረቀም የሚለውን በቅጹ ላይ ያስታውቅ የሚል። ኦቦ ባይሳ መጥተው፣ አልታረቅንም በዪ፣ ከዚያ መንግሥት ሥራውን ይሥራ አሏቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ኩማን እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉት፤ ሞተር መንዳት ሲማር አብረው ወድቀዋል። ክርክራቸውም የዋዛ አልነበረም።

«ሞቱ ተነስቶ ዕድሜ ልክ ቢሆንለት ሃያ ዓመት ተቀምጦ በአመክሮ ይወጣል» አሉ። «ያኔ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ጉቴ ገበያ መጥቶ ከእኔ ጎን በሬ ይገዛል። ኩማ ግን ሃያ ስድስት ዓመቱ እንደሆነ ይቀራል። ይሄ ፍርድ ነው?»

አዴ በቀለች አልመለሱላቸውም። እውነት ነው አሉኝ በኋላ፤ ባይሳ ውሸት አልተናገረም፣ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ኦቦ ባይሳ ግን ዝምታውን ፈሩት መሰለኝ፣ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ለዚያ ልጅ የሚበጅ ነገር ፈርመሽ ከተመለስሽ፣ በሬዬ ያንቺን መሬት አይረግጥም» አሉ። የእርሻው ወራት ደርሶ ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሮማን ሊጠይቁ ገቡ። ውስጥ የተባባሉትን ሲወጡ ነግረውኛል፣ አንድም አልቀነስኩም። ጋሮማ የያደታን መዛወር ሰምቷል፤ በሌላ ግቢ ስላደረጓቸው አይገናኙም፣ ግን በሽቦው በኩል አይቶታል። እናቱን ሲያገኝ፣ ከሰቀሉት ሰቀሉት፣ ካልሰቀሉት ደግሞ እኔ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ፣ ሃያ ዓመትም ቢሆን እጠብቀዋለሁ አላቸው።

እሳቸውም፣ «የኩማ ደም ባለቤት ማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አባቴ ከሌለ እኔ ነኛ።»

«አይደለህም። ያማጥኩት እኔ ነኝ፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ። የደሙ ባለቤት እኔ ነኝ። አንተ ሳትጠይቀኝ ወስደህ ምንም ባላደረገ ልጅ ክንድ ላይ ጨረስከው። አሁን ደግሞ ሃያ ዓመት ልትጨምርበት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነገር የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ።»

ጋሮማ ፊቱን አዞረ። ቆይቶ ምን ልትዪ ነው አላቸው። ፍትሕ ቢሮ ገብቼ ስናገር ትሰማለህ አሉት።

ቢሮው የሚገቡበት ቀን ማክሰኞ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት መጥተው ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ አሉኝ። ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በአማርኛም ይጻፋል፣ የተጻፈውን የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ አሉኝ። ጋሽ ተክለጻድቅ እያሉ እኔ ምን አነባለሁ፣ እሳቸው የተማሩ ናቸው አልኩ። «እሱ ይጽፋል፣ አንቺ ታነቢያለሽ» አሉ። «ጭቃ የመረገውና ግድግዳውን የሚያየው አንድ ሰው አይሁን።» እምቢ ማለት አልቻልኩም።

በማግስቱ በመንገድ ላይ፣ ቢሮ ገብተው የሚሉትን ነገሩኝ። ቢሮው እስክንደርስ ድረስ ሦስት ጊዜ ነው የደገሙልኝ፣ እየተራመዱ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው ያዩን ነበር፤ እኔ ነኝ የማፍረው፣ እሳቸው አይደሉም።

ቢሮ ውስጥ የተቀበለችን ኃላፊ ዱረቲ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ግን ሰው አክባሪ። ኦቦ ባይሳ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ኦቦ ሞረዳም አሉ። ጋሽ ተክለጻድቅ የአማርኛውን ጽሑፍ ሊጽፉ ብዕራቸውን ይዘው መጥተዋል። ዱረቲ ቅጹን ዘርግታ ጥያቄው አጭር ነው አለች፤ ታርቀዋል ወይስ አልታረቁም።

«አልታረቅኩም» አሉ አዴ በቀለች።

ኦቦ ባይሳ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱረቲ ምልክቱን ልታደርግ ስትጎነበስ አዴ በቀለች እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡ።

«አልጨረስኩም። አልታረቅኩም፣ ግን አይሙት።»

ዱረቲ ቀና አለች። ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም አለች፤ ወይ ይሄ ሳጥን ነው፣ ወይ ያ ሳጥን ነው።

«ጀርባው ባዶ ነው» አሉ አዴ በቀለች። «እዚያ ጻፉት።»

ኦቦ ሞረዳ በአፍንጫቸው ሳቁ። ኦቦ ባይሳ ግን ተነሱ። ምን ነካሽ፣ ገዳይ ማዳንሽ ነው ወይ፣ ለሽማግሌዎቹ እምቢ ብለሽ ለምን እዚህ ትሰጫቸዋለሽ አሉ። አዴ በቀለችም እሳቸውን እያዩ፣ እኛን ሁሉ ረስተውን፣ ያሉትን አሉ። እኔ የምጽፈው የቻልኩትን ያህል ነው።

«ባይሳ፣ ኩማ ሲሞት ምን እንዳለ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም። ውሃ ጠይቆ እንደሆነ፣ ስሜን ጠርቶ እንደሆነ አላውቅም። ያንን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ የሉም። ይሄ ከሞተ የልጄ የመጨረሻ ቃል አብሮት ይቀበራል። የሁለቱም መንገድ አብሮት ይቀበራል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ሲደብቁ አንድ ሬሳ ብቻ ነው የሚሰጡን፣ እኛም ተበቀልን ብለን እንሄዳለን። እኔ በዚያ አልረካም። ይኑር። ሁለቱን እስኪናገር፣ ኩማ ያለውን እስኪነግረኝ እዚያው ይኑር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከዚያ በኋላ አያለሁ።»

ኦቦ ሞረዳ ዱረቲን፣ «ጻፊ፣ ይሄም ቃል ነው» አሏት። እሷ በኦሮምኛ፣ ጋሽ ተክለጻድቅ ከሥሩ በአማርኛ ጻፉት። ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ።

ሁሉም ያዩኛል። አንድ አንድ ቃል ነው የማነበው፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ዱረቲ አልቸኮለችብኝም። ወደ መጨረሻው ስደርስ፣ «ከልብ ይቅርታ አድርጌለት ምሕረት እንዲደረግለት እለምናለሁ» የሚል ነገር አገኘሁ። ቆምኩ። ባልፈው ማንም አያውቅም ነበር። ጋሽ ተክለጻድቅ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የእኔን ልጆች ማመልከቻ በነጻ ጽፈውልኛል፤ እሳቸውን ሰው ፊት ማረም ለእኔ ከባድ ነው። ግን አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ በኦሮምኛም ተረጎምኩት።

«እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉ አዴ በቀለች።

ጋሽ ተክለጻድቅ ደነገጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የይቅርታ ማመልከቻ በዚህ ቃል ነው የምዘጋው፣ እጄ ለምዶ ነው አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ ያንን መስመር ሰርዘው ሌላ ጻፉ፤ «አልታረቅኩም። ነገር ግን እንዲገደል አልፈልግም። ሁለቱ ግብረ አበሮቹ እስኪገኙና የልጄን የመጨረሻ ቃል እስኪነግረኝ በእስር እንዲቆይ እጠይቃለሁ።» እንደገና አነበብኩት። በዚህኛው አልተንተባተብኩም። አዴ በቀለች ሰማያዊውን ቀለም ጣታቸው ላይ አስነክተው ተጫኑት፣ አንዴ በኦሮምኛው ሥር፣ አንዴ በአማርኛው ሥር።

ዱረቲ ይሄን የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም አለች። አዴ በቀለችም እነሱ የእነሱን ይበሉ፣ የእኔ ተጽፏል አሉ። እኔ ይሄንን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ከላይ መልስ አልመጣም።

ኦቦ ባይሳ አልፈረሙም። ውጭ ስንወጣ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። አዴ በቀለች ሰላም ሊሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ኦቦ ባይሳ እጃቸውን ሰጡ፣ ያንን አልከለከሏቸውም፣ ግን በሬዎቼ እንዳልኩሽ ናቸው አሉ። «ሰምቻለሁ» አሉ አዴ በቀለች። ኦቦ ባይሳ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሄዱ። አዴ በቀለች ቀለሙን ከጣታቸው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን የነገረኝ ዳዲ የሚባል የጉቴ አራሽ ነው። ገና ሰው ሳይነሳ አዴ በቀለች ደጁ ቆመው አገኛቸው አለ። ምርቱን እኩል ለመካፈል መሬቴን ታርስልኛለህ ወይ አሉት። ያ የባይሳ ወንድም መሬት አይደለም እንዴ፣ ባይሳ ምን ይለኛል ብሎ ሲያመነታ፣ «ባይሳን አትፍራው፣ እኔ እነግረዋለሁ» አሉት። ከዚያ ቀንበሩን ራሳቸው ተሸክመው ከፊት ከፊቱ ሄዱ። ፀሐይዋ ሞቅ እስክትል ድረስ እሱ ሲያርስ እሳቸው ከኋላው በባዶ እግራቸው እየተከተሉ ጓሉን ሲከሰክሱ ነበር አለኝ።